በሽታ የመሰለ መርዝ፣ መርዝ የመሰለ በሽታ፤ ከመርማሪ ልቦለድ እስከ ደቡብ ኦሞ

መግቢያ

በወንጀል ምርመራ ልቦለድ ውስጥ መርዝ ከጥይትና ከጩቤ ይልቅ ተመራጭ የሆነበት ዋነኛ ምክንያት በሽታን መምሰሉ ነው። ጥይት የገባበትን ቀዳዳ፣ ጩቤ የወጋበትን ቁስል ትቶ ይሄዳል። መርዝ ግን ተጎጂውን አልጋ ላይ አውሎ፣ ሐኪም አስጠርቶ፣ ጎረቤት አስጠይቆ፣ በመጨረሻም «ታሞ ሞተ» አሰኝቶ ያስቀብራል። ስለዚህ በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ «ማን ገደለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በእርግጥ ተገድሏል ወይ?» የሚለው ይቀድማል። ይህ ቀዳሚ ጥያቄ ደግሞ ከመርማሪው ይልቅ የሐኪሙ ነው።

ጥያቄው በተገላቢጦሹም ይነሣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ ሞት በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር ሲደጋገም በሽታው መርዝ ይመስላል። ያን ጊዜ ሰው መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ጥፋተኛ መፈለግ ይቀናዋል። ይህ ጽሑፍ የመርዝ ሳይንስ በልቦለድና በችሎት ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ ከቃኘ በኋላ፣ ያው ጥያቄ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በጂንካና በደቡብ ኦሞ፣ እንዴት እንደተነሣና እንዴት እንደተፈታ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመድኃኒት መደርደሪያና ልቦለድ

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ (1890-1976) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ መጀመሪያ በአስታማሚነት፣ ቀጥሎም በሆስፒታል የመድኃኒት መቀመሚያ ክፍል ሠርታለች። በ1917ም የሙያ ፈተናውን አልፋለች። በዚያ ዘመን መድኃኒት በአብዛኛው ተዘጋጅቶ ከፋብሪካ የሚመጣ ሳይሆን በእጅ ተመዝኖ የሚቀመም ስለነበር፣ በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት የሚዛን ጉዳይ መሆኑን ደራሲዋ በሥራ ላይ ተማረች።

በ1920 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷ «ዘ ሚስቲሪየስ አፌር አት ስታይልስ» የቆመው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚያበረታ ተብሎ በታዘዘ ፈሳሽ መድኃኒት ውስጥ ያለው ስትሪክኒን፣ ብሮማይድ ሲገባበት ከፈሳሹ ተለይቶ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ጉዳት የሌለው ሆኖ ሳለ የመጨረሻዋ ጉንጭ ገዳይ ትሆናለች። የብሪታንያ የፋርማሲ ባለሙያዎች መጽሔት ልቦለዱ ስለ መርዝ የጻፈው ትክክለኛ መሆኑን አንሥቶ አመስግኗል።

በ1938 የወጣው «አፖይንትመንት ዊዝ ዴዝ» ደግሞ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። በዮርዳኖስ ምድር በፔትራ ፍርስራሽ አጠገብ የምትሞተው አሮጊት የልብ ሕመምተኛ ናት፤ የምትወስደውም ዲጂታሊስ ነው። የተገደለችበት መርዝም ከዚያው ቤተሰብ ነው። የአስከሬን ምርመራ መድኃኒቱን ቢያገኝ ምን ያረጋግጣል? የታዘዘላት ነገር በሰውነቷ ውስጥ መገኘቱ ወንጀል አይደለምና።

ልቦለድ አንዳንድ ጊዜ ለሕክምና ውለታ ውሏል። ክሪስቲ በ1961 ባሳተመችው «ዘ ፔል ሆርስ» ውስጥ የታሊየም መመረዝን፣ በተለይም የፀጉር መርገፍን፣ በዝርዝር ገልጻለች። በ1977 ከቀጠር ወደ ለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል የመጣች አንዲት ሕፃን ሕመሟ ሐኪሞቹን ግራ አጋብቶ ሳለ፣ መጽሐፉን በማንበብ ላይ የነበረች አስታማሚ ምልክቶቹ ከታሊየም ጋር እንደሚመሳሰሉ ጠቆመች። ምርመራው ጥቆማዋን አረጋገጠ፤ ምንጩም በቤት ውስጥ ተባይ ማጥፊያ ሆኖ የተቀመጠ ታሊየም ነበር። ገዳይ አልነበረም፤ መርዝ ግን ነበር። ሕፃኗም ተሻላት።

ከጥርጣሬ ወደ ማስረጃ

ልቦለዱ ከመጻፉ በፊት ሳይንሱ በእውነተኛ ችሎት ተፈትኗል። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአርሴኒክ መመረዝ ከተቅማጥና ከትውከት በሽታ የሚለይበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረም። በ1814 ማቲው ኦርፊላ ስለ መርዞች የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ቶክሲኮሎጂን ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አደረገው። በ1836 እንግሊዛዊው ኬሚስት ጄምስ ማርሽ ጥቂት አርሴኒክን እንኳ በመስታወት ላይ እንደ ጥቁር መስታወት በሚያብረቀርቅ ዝቃጭ ማሳየት የሚያስችል ዘዴ አስተዋወቀ። በ1840 በፈረንሳይ በማሪ ላፋርጅ ላይ የተካሄደው የክስ ሂደት ዘዴውን በመላው አውሮፓ አሳወቀው። በዚያው ችሎት ላይ ግን ዘዴውን ያልለመዱ ባለሙያዎች ያላገኙትን መርዝ ኦርፊላ አገኘሁ ማለቱ፣ ማስረጃ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በሚይዘው እጅም እንደሚወሰን አሳየ።

ከዕፅዋት የሚገኙ መርዞች ለረጅም ጊዜ የሚያመልጡ ይመስሉ ነበር። በ1850 ቤልጅየማዊው ኬሚስት ዣን ስታስ ከሟች የሰውነት ክፍሎች ኒኮቲንን ለይቶ በማውጣት ይህን እምነት ሰበረ። ከዚያ በኋላ ግን በ1864 የፓሪስ ችሎት ሌላ ፈተና ቀረበለት። ኤድሞን ደ ላ ፖምሬ የተባለ ሐኪም በሕይወት መድን ገንዘብ ምክንያት አንዲት ሴት በዲጂታሊን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ዲጂታሊንን በኬሚካል ቀለም ለይቶ ማሳየት በወቅቱ አልተቻለም። ስለዚህ መርማሪው ሐኪም ኦገስት ታርዲዩና ባልደረባው ከሟቿ የተገኘውን ጭማቂ በእንስሳት ላይ ሞከሩት። የእንቁራሪት ልብ በታወቀው ዲጂታሊን ሲነካና በዚህ ጭማቂ ሲነካ የሚያሳየው የአመታት መዛባት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተብሎ በዚያው ዓመት በሞት ተቀጣ። ኬሚስቱ ዝም ባለበት ቦታ የልብ ምት መሰከረ።

መረንዝ

የልብን ምት የሚያዛባው ይህ የመርዝ ቤተሰብ በኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ መረንዝ የሚባለው ዛፍ ከሰሜን እስከ ደቡብ በደረቅ ጫካዎችና ቁጥቋጦዎች ውስጥ ይበቅላል። የሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ሲሆን፣ ይህም በትግራይ ለአርባ ዓመታት ያህል ኖሮ በ1878 በዓድዋ የሞተውን ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል። የዛፉ ቅርፊት፣ እንጨትና ቅጠል መርዛማ ነው። በሚገባ የበሰለው ፍሬው ግን በብዙ አካባቢዎች ይበላል።

ከደቡብ ኦሞ በስተምሥራቅ በሚገኘው የቦረና ምድርና ከድንበሩ ማዶ በኬንያ፣ ዋታ የሚባሉት አዳኞች በረጅም ቀስትና በዚህ ዛፍ መርዝ በተቀባ ፍላጻ ዝሆን በመጣል የታወቁ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ዘንድ የመርዙን ብርታት የሚፈትኑበት ብልሃትም ነበር። ከክንድ ላይ ጥቂት ደም ይፈስሳል፤ መርዙ ደሙ በደረሰበት ጫፍ ላይ ይነካል፤ ደሙ እየጠቆረ ወደ ቁስሉ ሲወጣ ሳይደርስ ይጠረጋል። ይህ ላቦራቶሪ በሌለበት ምድር የተገኘ የጥራት መመርመሪያ ነው።

በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አልቤር አርኖ ከዚህ የዛፍ ወገን ዋናውን መርዝ በንጹሕ መልኩ ለይቶ አወጣ። ስሙንም ዛፉና መርዙ በሶማሊኛ ከሚጠሩበት «ዋባዮ» ከሚለው ቃል ወስዶ ዋባይን አለው። በዚያው ዓመት የሳሙኤል ቴሌኪ ጉዞ ኦሞ ወንዝ ወደሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ደርሷል። አውሮፓውያን አካባቢውን በካርታ ላይ ማስፈር በጀመሩበት ዓመት፣ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ዕውቀት በፓሪስ ላቦራቶሪ ስም አገኘ። ከዚያ ቀደም ሲልም በዴቪድ ሊቪንግስተን የዛምቤዚ ጉዞ የነበረው ሐኪም ጆን ከርክ፣ የጥርስ ብሩሹ ከሌላ የፍላጻ መርዝ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ በመነካካቱ የልብ ምቱ መቀነሱን አስተውሎ ነበር። ያ መርዝ ስትሮፋንቲን የተባለው የልብ መድኃኒት ምንጭ ሆኗል።

ዋባይን ለደም ሥር እንጂ ለአንጀት የተመቸ አይደለም፤ ሲዋጥ ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። በፍላጻ የወደቀ እንስሳ ሥጋ ሊበላ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ምን ወሰደ?» የሚለው ጥያቄ «በየት በኩል ገባ?» ከሚለው ካልተጣመረ የተሟላ አይሆንም። በ1957 ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በሕዋስ ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ሲያገኝ፣ ግኝቱን ለማጽናት የረዳው ፓምፑን የሚያቆመው ይኸው ዋባይን ነበር። ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

በኢትዮጵያም የሚገኘው ጎፈሬ ያለው አይጥ መሰል እንስሳ የመረንዝን ቅርፊት አኝኮ በጎኑ ፀጉር ላይ እንደሚቀባና የነከሰውን አዳኝ እንደሚጎዳ በ2011 ታውቋል። ከዚህ ዛፍ የተማረው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለሐኪም ግን የመረንዝ ትምህርት ሌላ ነው። በልብ መርዝ የተጎዳ ሰው ያስመልሰዋል፣ ይደክማል፣ ምቱ ይዘገያል ወይም ይዛባል። ይህ ሁሉ በተለመደ የሆድ ወይም የልብ ሕመም ሊሳሳት ይችላል። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የደም ፖታሲየም መጠን ካልታዩ፣ ቤተሰቡም በጥንቃቄ ካልተጠየቀ፣ መርዙ እንደ ልቦለዱ ሁሉ «ታሞ ሞተ» አሰኝቶ ያልፋል።

ቀማሽና ተጠርጣሪ

የመመረዝ ሥጋት በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ የራሱን ሥርዓት ፈጥሯል። ጠጅ የሚቀዳው አሳላፊ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ መቅመሱ የአክብሮት ልማድ ሆኖ ቢኖርም፣ መሠረቱ ጥርጣሬን ማስወገድ ነው። ሥርዓቱ ግን የሚጠብቀው ፈጥኖ ከሚገድል መርዝ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራውን መርዝ ቀማሽ አይገልጠውም።

ጥርጣሬ ያለ ማስረጃ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል በአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ታይቷል። በ1909 ንጉሠ ነገሥቱን ለማከም የመጣው ጀርመናዊው ዶክተር ሽታይንኩለር በሳያናይድ ተመርዘዋል የሚል ክስ አሰማ። ክሱ በቤተ መንግሥቱና በውጭ ሀገር መልእክተኞች ዘንድ ብዙ ቢያነጋግርም አልተረጋገጠም። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ተደጋጋሚ በሆነ የአንጎል ደም ሥር አደጋ የሚታወቀውን መንገድ ተከትሎ ቀስ በቀስ አድክሟቸው በታኅሣሥ 1913 ዐረፉ። ፈጥኖ ገዳይ የሆነው ሳያናይድ ዓመታት ከፈጀው ሕመም ጋር አይጣጣምም። የተናገረው ሐኪም ቢሆንም፣ በላቦራቶሪ ያልጸና ቃል ከወሬ አልራቀም።

ገዳይ የሌለበት መርዝ

ልቦለድ መርዝ ካለ ገዳይ አለ ይላል። የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ግን በብዛት የሚያሳየው ማንም ሳያስበው ከማዕድ ላይ የቀረበ መርዝ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ የእግር ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ሲታይ፣ ምክንያቱ ሌላው አዝርዕት ሲጠፋ ድርቅን ተቋቁሞ የሚቀረው ጓያ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ የሰዎች እጅና እግር እየጠቆረ ሲቆረጥ፣ ምርመራው በእህል ላይ የበቀለውን ኤርጎት የተባለ ፈንገስ አመለከተ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ሆድን እያሳበጠ የሚገድለው ያልታወቀ የጉበት በሽታም፣ ከዓመታት ምርመራ በኋላ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ተያያዘ።

በእነዚህ ሁሉ መርማሪው የጠየቀው «ማን ጠላው?» ብሎ ሳይሆን «ማን ምን በላ? ማንስ አልበላም?» ብሎ ነው። የታመመውን ካልታመመው ጋር ማነጻጸር የሕዝብ ጤና መርማሪ ዋና መሣሪያ ነው።

ደቡብ ኦሞ፤ መርዝ የመሰለ በሽታ

ለረጅም ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ሆና የቆየችው ጂንካ በአሪ ደጋና በኦሞ ቆላ መካከል ትገኛለች። በዙሪያዋ ከአሥር የሚበልጡ ብሔረሰቦች፣ ከእነዚህም አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች፣ የየራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ይኖራሉ። በዚህ አካባቢ የሕሙማንን ታሪክ መቀበል ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ የሚካሄድ የምስክር ቃል ነው።

ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደረሰው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋ ነው። ወደ 100,000 ሰዎች ታመው 30,000 ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል። ትኩሳት፣ የዐይን ቢጫነት፣ ጥቁር ትውከትና የደም መፍሰስ በአንድ ታማሚ ላይ ብቻ ሲታይ፣ ጉበትን ከሚያጠፋ መርዝ በዐይን መለየት አይቻልም። በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ወደ ስፍራው ወርደው ደም፣ የጉበት ናሙናና ትንኝ ሰበሰቡ። የበሽታው አስተላላፊ ትንኝ ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ነበር። የገዳዩ መደበቂያ ከቤት ጓሮ፣ ሰው ከሚመገበው ተክል ላይ ነው። የትኛውም የመርማሪ ልቦለድ ደራሲ ይህን ቢያገኘው ይመርጠው ነበር።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሽታው ተመለሰ። በኅዳር 2012 ገደማ በደቡብ አሪ የጀመረው ወረርሽኝ ቢጫ ወባ መሆኑ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ግንቦት 7 ቀን 2013 ነው። ከሰኔ 10 ጀምሮም ከ527,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለመድረስ ያለመ ክትባት ተጀመረ። በወረርሽኙ 165 ሕሙማንና 62 ሞት ተመዝግቧል። የእንሰት ብብት እንደገና የትንኙ መራቢያ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ያህል የፈጀው በጥርጣሬና በማስረጃ መካከል ያለው ርቀት፣ ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ካለው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይልቅ የሚረዝም ነበር።

ሦስተኛው ፈተና በ2025 ደረሰ። በጂንካ የደም መፍሰስ ያለበት ትኩሳት ጥርጣሬ በኅዳር 12 ለዓለም ጤና ድርጅት ሲነገር፣ የማርበርግ ቫይረስ መሆኑ በኅዳር 14 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ወረርሽኙ በጥር 26 ቀን 2026 ማብቃቱ እስከተነገረ ድረስ በላቦራቶሪ ከተረጋገጡት 14 ሕሙማን ዘጠኙ ሞተዋል። በሽታው ከመታወጁ በፊት ሰዎችን መያዝ ቢጀምርም፣ ጥርጣሬው ከተሰማ በኋላ ማስረጃው ሁለት ቀን ብቻ ወሰደ።

እንዲህ ያለው ሞት በአንድ ቤት ሲደጋገም ከመርዝ የሚለየው የመጀመሪያ ፍንጭ ጊዜ ነው። ከአንድ ማዕድ የተመረዙ ሰዎች በተቀራረበ ሰዓት ይታመማሉ፤ ያልበላ ይተርፋል። በማርበርግ የተያዙት ግን ተራ በተራ ይወድቃሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም ያስታመሙትና አስከሬኑን ያጠቡት ናቸው። ይህን ያላጤነ ሰው ያስታመመችውን ሚስት ወይም ምግብ ያቀረበችውን እናት ሊጠረጥር ይችላል። በሽታው የሚገድለው ደግሞ እነርሱን ነው።

ማጠቃለያ

የመርማሪ ልቦለድ አንባቢ የሚደሰተው ወንጀለኛው ሲያዝ ብቻ ሳይሆን ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረው ነፃ ሲወጣም ነው። የመርዝ ሳይንስም ታሪኩ ሁለቱንም ይዟል። ማርሽና ስታስ የተሰወረውን መርዝ ገለጡ። የኦሞን ቢጫ ወባና የጂንካን ማርበርግ ያረጋገጡት ደግሞ፣ መርዝ አለመኖሩን በማሳየት፣ ማንም ሰው በሐሰት እንዳይከሰስ በሩን ዘጉ።

ስለዚህ በሩቅ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲያጋጥመው የሚመዘግበው የሰዓት ቅደም ተከተል፣ ማን ምን እንደበላ፣ ማን እንዳስታመመና በጊዜው የተላከ ናሙና ከሕክምና መዝገብነት ያለፈ ዋጋ አለው። በጎረቤታሞች መካከል የሚሰጠው ፍርድ በዚያ ወረቀት ላይ ሊመሠረት ይችላልና። በልቦለድ ውስጥ መርማሪው በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉንም ሰብስቦ እውነቱን ይናገራል። በገጠር ሆስፒታል ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ የሚጽፈው የመጀመሪያውን ታማሚ በጥንቃቄ የመረመረው ሰው ነው።